ከማህተሙ ሥር የነበረው አንገት

ላሊበላ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ድንጋዩ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ከአፋፉ ላይ ሆነሽ አንሥተሽዋል? ጀንበር ስትጠልቅ ሲቀላስ? አላነሣሁትም። በዚህ ሥራ ላይ አሥራ ምናምን ዓመት ስቆይ አንድም ቀን አላነሣሁትም፤ ወደፊትም አላነሣውም። እልህ ነው በሉት። ድንጋዩን ያላነሣው ፍጡር የለም፤ እኔ ብጨመርበት ምን ይጠቀማል? ድንጋዩ እኔ ሳልወለድ ነበረ፣ ከሞትሁም በኋላ ይኖራል፣ ምንም አያስቸኩለውም። ሰው ግን ይቸኩላል። እኔ የማነሣው ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለትምህርት ቤት ፎርም ጉርድ ፎቶ የፈለገውን፣ ሰርግ የደገሰውን፣ ልጁን ክርስትና ያስነሣውን ሰው ነው። በዚህ ሥራዬ የሚያፍርልኝ ብዙ ሰው አለ። እኔ ግን አላፍርበትም።

ፎቶ ቤቴ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ክፍል ነው። ከፊት ኮምፒውተርና ማተሚያ፣ ከኋላ መጋረጃ። ሦስት ዓይነት መጋረጃ አለኝ፤ አንዱ ባሕር ነው፣ አንዱ ፏፏቴ፣ አንዱ የዱባይ ፎቅ። ከገጠር የሚመጡ ሙሽሮች ባሕሩን ይወዳሉ። አንድ ቀን ክንድ የሚያህል ሌንስ ያንጠለጠለ የውጭ እንግዳ ገብቶ ባሕሩን ሲያይ ሳቀና፣ በአስጎብኚው በኩል "ለምን በጭቃ ቤታቸው ፊት አታነሻቸውም? እውነቱ እኮ እሱ ነው" አለኝ። "ጭቃ ቤቱንማ በየቀኑ ያዩታል፤ ለሱ ብለው ይህን ሁሉ መንገድ በእግራቸው አይመጡም" አልሁት። አስጎብኚው ምን ብሎ እንደተረጎመለት አላውቅም። ሰውዬው ግን ቶሎ ወጣ።

የከተማው ምክርም አያልቅም። ጎረቤቴ ባለ ሱቁ መብራት በጠፋ ቁጥር ብቅ እያለ "ስልክ ሁሉ ካሜራ በሆነበት ዘመን ፎቶ ቤት ምን ሊያደርግልሽ ነው?" ይለኛል። እናቴ ነፍሷን ይማርና "ሴት ልጅ ምን ሆና ነው ሰው ፊት ተንበርክካ አንድ ዓይኗን የምትጨፍን?" ትል ነበር። የቀረው ሰው ደግሞ በአንድ ድምፅ አዲስ አበባ ሂጂ ይለኛል። እዚያ ትልልቅ ሥራ አለ፣ እዚያ መብራት አይጠፋም፣ እዚያ ሰው ያውቅሻል። አዲስ አበባን አልመኝም ብል ውሸት ነው። እመኝ ነበር። ሌሎቹ ስለ ልብስና ስለ ቤት ሲያወሩ እኔ በአንድ ትልቅ ስቱዲዮ ውስጥ ጥሩ መብራት አቁሜ ስሠራ ይታየኝ ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን ከላሊበላ እስከ ፍላቂት የሚስተካከለኝ አልነበረም። እሱም ማህተም ማንሣት ነው። በእኛ አገር ገጠር የሚኖር ሰው ሲሞት ብዙ ጊዜ ያለው ፎቶ የቀበሌ መታወቂያው ላይ የተለጠፈው ብቻ ነው። ዘመድ መታወቂያውን ይዞ ይመጣል፤ እኔ ያን የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ፊት ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቼ አሳድገዋለሁ፣ አትመዋለሁ፣ ፍሬም ውስጥ አደርገዋለሁ። ለቅሶ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። አልቃሾቹ የሚያለቅሱት ወደሱ ዞረው ነው፣ ሙሾ የሚያወርዱት ለሱ ነው፣ ስሙን እየጠሩ የሚያናግሩት እሱን ነው። ድሮ የሟቹን ልብስ ይዘው ያለቅሱ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ ዛሬ ፎቶው ነው። ችግሩ ማህተሙ ነው። የቀበሌው ጸሐፊ ሐምራዊውን ክብ ማህተም ግማሹን ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹን ሰውዬው ላይ ይመታዋል። ጉንጭ ላይ ያርፋል፣ አፍ ላይ ያርፋል። እኔ ያን ማህተም ነጥብ በነጥብ እየለቀምሁ አነሣለሁ። እግረ መንገዴንም ፊቱን አጸዳለሁ፤ ሽብሽቡን ቀነስ፣ ጥላውን ገለጥ አድርጌ አሳምረዋለሁ። ሰዉ "እንዴት ያለ እጅ ነው!" ይላል። እኔም ደስ ይለኛል፤ ለምን እዋሻለሁ?

በአንድ ሐሙስ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። እናቱ ከላሊበላ ወጣ ብላ ባለችው ብልባላ አርፈው እሱ ለቀብር እየመጣ ነው፤ መታወቂያቸውን አንድ ዘመድ ያደርስልሻል፣ ለሰልስቱ ትልቅ አድርገሽ ሥሪልኝ አለኝ። መታወቂያው መጣ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሴት ናቸው፤ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ካሜራውን ትክ ብለው ያዩታል። ማህተሙ ያረፈው ከአገጫቸው ጀምሮ አንገታቸው ላይ ነበር፤ ቀለሙም ፈስሶ ተጨማልቋል። መብራት ሳይጠፋብኝ ልጨርስ ብዬ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጬ አንገቱን ሙልጭ አድርጌ አጸዳሁት። ፊቱንም አለሰለስሁት። ሲታተም ራሴው አደነቅሁት። በሦስተኛው ቀን ለሌላ ሰው ሳላምነው ይዤው ብልባላ ሄድሁ።

ድንኳኑ ሞልቷል። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። ሴቶቹ የሟቿን ታናሽ እህት ጠበቁ፤ ከእህት ወንድሞቿ የቀሩት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ለቅሶውን መጀመር የሳቸው ነው። አሮጊቷ በሁለት ሴቶች ተደግፈው መጡ። ፎቶው ፊት ቆሙ። ጠጋ አሉ፣ ወደ ኋላ አሉ፣ እንደገና ጠጋ አሉ።

"ይች ማን ናት?" አሉ።

"እህትዎ ናት እንጂ" አለች አንዷ ቀስ ብላ።

"እህቴን እኔ አላውቃትም? ይች እህቴ አይዶለችም።" ዞር ብለው ሕዝቡን አዩት። "ለማን ብዬ ላልቅስ?" አሉና ወጥተው ከቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንዲት እንባ አልወጣቸውም። ሌሎቹ ሴቶች እንደምንም ለቅሶውን ጀመሩት፤ ግን ፎቶውን የሚያይ አልነበረም።

ዕድሜ ነው፣ ሐዘን ነው ብዬ ራሴን ልደልል ሞከርሁ። ከዚያ በአጠገባቸው ሳልፍ ነጠላቸው ሸርተት አለና አንገታቸውን አየሁት። ከጆሮ እስከ ጆሮ ንቅሳት ነው። ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ ትንንሽ መስቀልና ነጥብ በረድፍ በረድፍ። የሟቿም አንገት ተነቅሶ ነበር፤ እኔ ግን ከማህተሙ ጋር አብሬ ለቅሜ አውጥቼዋለሁ። ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ቢያደርገው አላወቀም ይባላል። እኔ የላስታ ልጅ ነኝ። የእናቴ አንገት ተነቅሶ ነበር፣ የአክስቶቼም ተነቅሶ ነበር፣ በዚያ ዕድሜ ያለች የአገሬ ሴት አንገቷ ባዶ እንደማይሆን አውቃለሁ። እጄ ግን ማጽዳት ለምዶ ነበርና ዓይኔን አልጠየቀውም።

ይህን ጊዜ ከአዲስ አበባ የደወለልኝ የሟቿ ልጅ ከድንኳኑ ጀርባ ጠራኝ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጥቁር ኮት የለበሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። "አክስቴን አትቀየሚያት፤ አርጅታለች" አለኝ። "ፎቶው በጣም ቆንጆ ነው። እናቴ እንዲህ ንጹሕ ሆና አይቻት አላውቅም።" ከዚያም አዲስ አበባ ውስጥ የማስታወቂያ ድርጅት እንዳለው፣ ምስል የሚያጸዳለት እንደኔ ያለ እጅ ሲፈልግ እንደቆየ፣ ሐዘኑ ሲያልፍ መጥቼ ሥራ እንድጀምር ነገረኝ። ስቱዲዮ አለው። መብራት አለው። ስመኘው የኖርሁት ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጣ፤ የመጣውም በስሕተቴ ነው። እሺ አልሁት። ወደ ላሊበላ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም።

ደስታዬ ግን አልበረከተም። በማግሥቱ የመታወቂያውን ቅጂ ከፍቼ አጉልቼ አየሁት። አሁን ሳየው ሁለት ቀለም ነው፤ ላዩ ሐምራዊ፣ ሥሩ አረንጓዴ። ሐምራዊው የቀበሌው ነው። አረንጓዴው የሳቸው ነው። ለአርባቸው ያው ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ሊቆም ነው፤ ከዚያም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የልጅ ልጆቻቸው ባዶ አንገት ያላትን ሴት አያታችን ናት እያሉ ያድጋሉ፤ እኒያ አሮጊትም እህታቸውን ሳያለቅሱላት ይቀራሉ። ስልኬን አነሣሁ።

"ጋሼ፣ ስሕተት ሠርቻለሁ" አልሁት። "የእናትዎን ንቅሳት ከማህተሙ ጋር አብሬ አጥፍቼዋለሁ። ለአርባው አስተካክዬ አመጣለሁ።"

"እኔ እኮ አውቀሽ ያደረግሽው መስሎኝ ነበር። ደግ አደረግሽ፤ ተዪው።"

"እንዴት ልተወው? እሳቸው አይደሉም እኮ።"

"ስሚኝ እህቴ። አዲስ አበባ የወሰድኋት ጊዜ የግቢው ልጆች አንገቷን እያዩ ይስቁባት ነበር። ከዚያ ወዲያ እኔ ጋ በቆየችበት ሁሉ ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳትጠመጥም ከበር ወጥታ አታውቅም። አሁን ሞታለች። ማን እንዲስቅባት ነው የምትፈልጊው?"

ይህ ልቤን ነካው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እናቱን የደበቃት ወድዷት ነው። ግን ሳላስበው መልሴ ከአፌ ወጣ። "ብልባላ ውስጥ ማንም አልሳቀባቸውም፣ ጋሼ። ለመታወቂያው ሲነሡ አንገታቸውን ገልጠው ነው የተነሡት። ሕያው ሰው ባሕር እፈልጋለሁ ካለ ባሕር አቆምለታለሁ፤ ራሱ መርጧላ። ይህን ግን እናትዎ አልመረጡም።"

"ያዘዝሁሽ እኔ ነኝ።"

"ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት፤ የሚለቀስላቸው ግን እሳቸው ናቸው።"

"እንግዲያው ስለ ሥራው የተነጋገርነውን እርሺው" አለና ዘጋው። ካፈርሁ አይመልሰኝ አልሁ። ስልኩን ካስቀመጥሁ በኋላ ግን መጋረጃው ጀርባ ገብቼ አለቀስሁ። በልቤ ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር፤ ባዶውን ክፍል ለማን እንደማከራየው ሁሉ አስቤ ነበር። እንባዬን ጠርጌ ስወጣ ጎረቤቴ ባለ ሱቁ በር ላይ ቆሟል። "ምነው?" አለኝ። "መብራት ጠፋ" አልሁት።

በሳምንቱ ተመልሼ ብልባላ ሄድሁ። አሮጊቷ ደጃቸው ላይ ገብስ እየለቀሙ ነበር። ሰላምታዬን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ያችን ሴትዮ ያመጣሻት አንች ነሽ አይዶል?"

"ነኝ፣ እማማ።"

"የማን እናት ናት?"

"የማንም አይደለችም። እኔ ነኝ የሠራኋት። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።"

"ወይ ጉድ! ሰውም ትሠሪ ጀመር?" አሉና ሳይወዱ ፈገግ አሉ። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኋቸው፤ ስለ ማህተሙ፣ ስለ ልጅየው፣ ሥራው ስለ መቅረቱ። እስክጨርስ ገብሱን መልቀማቸውን አላቆሙም። ከዚያ ሰፌዱን ወደ ጎን አሉትና ነጠላቸውን ከአንገታቸው አወረዱት።

"በአንድ ቀን ነው የተነቀስነው" አሉ። "ነቃሿ በመርፌ እየወጋች በጥላሸት ታሸዋለች። እህቴ ጥርሷን ነክሳ ሦስቱንም ረድፍ አስጨረሰች። እኔ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ብድግ ብዬ ሮጥሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ግማሽ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ 'አንች ፈሪ' እያለች ትስቅብኝ ነበር። ማርያምን፣ ዛሬም ብትስቅብኝ እወድ ነበር።"

"የእርስዎን አንገት አንሥቼ በሱ ልክ ልመልሰው ነው ያሰብሁት" አልኋቸው።

"ሦስተኛውን ከየት ታመጭዋለሽ?"

"እርስዎ ያስታውሱታል?"

"ሰው ሲቀናበት የኖረውን ይረሳል?" አሉ። "ክንድሽን አምጭ።" ከምድጃው ጠርዝ የጠፋ ከሰል አንሥተው እጅጌዬን ወደ ላይ ሰበሰቡትና ክንዴ ላይ ይስሉ ጀመር። መስቀል፣ ነጥብ፣ መስቀል፣ ሁለት ነጥብ፤ ከጆሮዋ ሥር ሲደርስ ወደ ላይ ይታጠፋል። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚስሉት። ጣታቸው አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። አንገታቸውንም ክንዴንም በበሩ ብርሃን አነሣሁ። ፎቶው ካሜራዬ ውስጥ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ ከሰሉ እንዳይጠፋብኝ ሚኒባሱ ውስጥ እጄን ዘርግቼ ተቀመጥሁ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲለኝ "ልነቀስ ነው" አልሁት። ከዚያ በኋላ እስከ ላሊበላ አላናገረኝም።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ካጠፋሁት ይልቅ መመለሱ ፈተነኝ። መብራት ሲመጣ እሠራለሁ፣ ሲጠፋ ካሜራው ላይ የክንዴን ፎቶ አያለሁ። ከማህተሙ ሥር ተርፈው የነበሩት ጥቂት አረንጓዴ ነጥቦች ከአክስትየዋ ረድፎች ጋር አንድ በአንድ ገጠሙ፤ ሦስተኛውም ረድፍ ከሰሉ ባሳየው ቦታ ላይ ተገኘ። ያለሰለስሁትን ሽብሽብም መለስሁ። ከግንባራቸው ላይ የሰረቅሁትን መሥመር ሁሉ ወደ ቦታው አስገባሁ። ሴትዮዋ ቀስ በቀስ ኮምፒውተሩ ላይ መጡ። ትክ ብለው ሲያዩኝ እኔም ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አፍሬ ዓይናቸውን አላየሁም ነበር።

በአርባው ቀን ቀሳውስቱ ፍትሐቱን አድርሰው ሕዝቡ ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጥ ደረስሁ። ልጅየው አትምጪ አላለኝም፣ ነይም አላለኝም። የመጀመሪያው ፎቶ ጠረጴዛው ላይ እንደቆመ ነው። በጨርቅ የጠቀለልሁትን ለአሮጊቷ ሰጠኋቸው። ፈቱት። ከዚያ ማንንም ሳያስፈቅዱ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ፣ ያቺን ለስላሳ ሴት አንሥተው እጄ ላይ አኖሯትና "ይችን ወደ አገሯ መልሻት" አሉኝ። እህታቸውን በቦታዋ አቆሟት።

ልጅየው ተነሣ። ወደ እኔ ሳያይ በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ሁለት እጁን ፍሬሙ ላይ አደረገ።

"አንተ ልጅ" አሉ አክስቱ። አልጮኹም። "ጡት ስትጠባ ቀና ብለህ የምታየው ምን ነበር?"

እጁ እዚያው ቀረ።

"ይሄን አይዶል? ረድፉን በጣትህ እየነካካህ አይዶል እንቅልፍ የሚወስድህ? እኔ እኮ ነበርሁ ጣትህን ቀስ ብዬ የማላቅቅልህ፤ ትቧጭራታለህ ብዬ። እሷ ተዪው ትለኝ ነበር። በል አውርደው እንግዲህ።"

ሰውዬው አላወረደውም። እጁን ከፍሬሙ ላይ አነሣና በአንድ ጣቱ መስተዋቱን ነካ፤ መጀመሪያ ከጆሮዋ ሥር፣ ከዚያ ወደ መሐል፣ መስቀሉን፣ ነጥቡን፣ መስቀሉን። እስከዚያ ቀን ድረስ በእኔ ፊት "እናቴ" እንጂ በሌላ ስም ሲጠራት ሰምቼው አላውቅም።

"እማ" አለ።

አሮጊቷ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩት። አርባ ቀን ሙሉ የያዙት ድምፅ ወጣ።

አርባ ቀን ጠበቅኋት ከደጃፍ ተቀምጬ፣
ዛሬ ገና አየኋት ነጠላዋን ገልጬ።

ሴቶቹ ተቀበሏቸው፤ ድንኳኑ ተናወጠ፤ ሁሉም ወደ ፎቶው ዞሮ የሴትዮዋን ስም እየጠራ አለቀሰ። ልጅየው ጀርባውን ለእኛ እንደሰጠ እዚያው ቆሟል። አዲስ አበባ ይጠብቀኝ የነበረው ሥራ ምን እንደሚመስል አላውቅም፣ ላውቀውም አልችልም። የእኔ ሥራ ግን ይህ ነው፤ ተሳስቼም፣ አስተካክዬም የምሠራው እዚሁ ነው።